ሞተርና ቤንዚን እንዴት ተስማሙ?
የሞተር ኳኳታና የኦክቴን ቁጥር አጭር ታሪክ

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር በመንገድ ላይ መታየት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የሞተር መሐንዲሱንና የነዳጅ ኬሚስቱን ሲያነጋግር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ነዳጁ ለሞተሩ ይስተካከል ወይስ ሞተሩ ለነዳጁ ይስተካከል የሚለው ነው። ለጥያቄው ሁለት መልሶች በየተራ ተሰጥተውታል። የመጀመሪያው መልስ ነዳጁን መለወጥ ነበር፤ ይህም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዓለምን አየር በእርሳስ መርዟል። ሁለተኛው መልስ ሞተሩ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ራሱን እንዲያርም ማድረግ ነው፤ ዛሬ በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች ኮፈን ሥር የሚገኘውም ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመጀመሪያው መልስ ወደ ሁለተኛው የተደረሰበትን መንገድ በአጭሩ መተረክና ይህ ታሪክ ለዛሬው ባለሙያ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የኳኳታው ምንነት

በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ካንዴላው ብልጭታ በሰጠ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይነድም። በደረቅ ሣር ላይ እንደ ተለቀቀ እሳት፣ ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ዳር እየተስፋፋ ይሄዳል። ጤናማ የሆነ ቃጠሎ ማለት ይህ ነው። ይሁን እንጂ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የዳር ድብልቅ፣ ቀድሞ የነደደው ጋዝ ስለሚገፋው፣ ይበልጥ እየታመቀና እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱና ግፊቱ ነዳጁ ሊታገሠው ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ ነበልባሉን ሳይጠብቅ በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው የግፊት ሞገድ በሲሊንደሩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል። ወርዱ 86 ሚሊሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ይህ ሞገድ በሰከንድ 6,500 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ሾፌሩ በመዶሻ ብረት እንደ መቀጥቀጥ አድርጎ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

ኳኳታው ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን የግፊት ሞገዱ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ራስ ከእሳቱ የሚከላከለውን ስስ የጋዝ ሽፋን ይገፍፈዋል። ስለዚህ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይገባል። ኳኳታው ሳይታረም ከቀጠለ የፒስተን ቀለበቶች ይሰበራሉ፤ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ በመጨረሻም የፒስተኑ ራስ ቀልጦ ይበሳል።

ይህ ከሆነ ድብልቁን አብዝቶ ማመቅ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ውስጥ ይገኛል። የሲሊንደሩ ሙሉ ይዞታ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ይዞታ ጋር ያለው ንጥጥር የእመቃ ንጥጥር ይባላል። በሐሳባዊው የኦቶ ዑደት ስሌት መሠረት የእመቃ ንጥጥሩ 4 ለ1 የሆነ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 43 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ንጥጥሩ 8 ለ1 ሲሆን ግን ወደ 56 በመቶ ከፍ ይላል። በእውነተኛው ሞተር ውስጥ ቁጥሮቹ ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ቢሆኑም አቅጣጫቸው ያው ነው። ብዙ ያመቀ ሞተር ከአንድ ሊትር ቤንዚን ብዙ ሥራ ያገኛል። ኳኳታው በዚህ መንገድ ላይ የቆመ በረኛ ነበር ማለት ይቻላል።

የሾፌሩ ጆሮና እጅ

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መፍትሔ ሾፌሩ ራሱ ነበር። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ከመሪው ሥር በስተግራ ብልጭታውን የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ዘንግ ነበረው። ሾፌሩ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ከሰማ ዘንጉን ወደ ኋላ መልሶ ብልጭታውን ያዘገያል። ብልጭታው ሲዘገይ ከፍተኛው ግፊት የሚደርሰው ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ስለሚሆን የዳሩ ድብልቅ ከመጠን በላይ አይታመቅም። ኃይሉ በመጠኑ ቢቀንስም ኳኳታው ይጠፋል። እንግዲህ ድምፅ ሰሚው የሾፌሩ ጆሮ፣ ወሳኙ አእምሮው፣ ፈጻሚውም እጁ ነበር ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ከብዙ ዓመታት በኋላ በኤሌክትሮኒክስ ተመልሶ የመጣ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ ቢይዘው ይጠቅማል።

ቆይቶ ዲስትሪቢዩተሩ በውስጡ በሚሽከረከሩ ክብደቶችና በአየር መሳቢያው ክፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ግፊት እየተመራ ብልጭታውን በራሱ ማስተካከል ሲጀምር ዘንጉ ከመሪው ሥር ጠፋ። ለሾፌሩ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚያውቀው የሞተሩን ፍጥነትና ጭነት ብቻ ነው። በታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደካማ ይሁን ጠንካራ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አንዳንድ አምራቾች፣ ለምሳሌ ቶዮታ በቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ጎን በእጅ የሚዞር የኦክቴን መምረጫ ያስገቡት ይህንን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ከአዮዲን እስከ እርሳስ

ኳኳታውን በሳይንሳዊ መንገድ ከመረመሩት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሪ ሪካርዶ አንዱ ነው። ሪካርዶ በ1920ዎቹ መባቻ ሞተሩ እየሠራ የእመቃ ንጥጥሩን ለመለወጥ የሚያስችል የመመርመሪያ ሞተር ሠርቶ ልዩ ልዩ ቤንዚኖች እስከ ምን ድረስ እመቃን እንደሚታገሡ ለካ። ችግሩ ከሞተሩ ብቻ ሳይሆን ከነዳጁም የመጣ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻና የባትሪ ማቀጣጠያ በ1912 ካዲላክ ላይ ከገባ በኋላ ኳኳታውን ያመጣው የኬተሪንግ የማቀጣጠያ መሣሪያ ነው የሚሉ ተነሡ። ኬተሪንግም የነገሩን ሥር እንዲመረምር በ1916 ቶማስ ሚጅሊ የተባለውን ወጣት የሜካኒካል መሐንዲስ መደበ። ሚጅሊ ቀይ ቀለም ያለው ነዳጅ ሙቀትን ይበልጥ ስለሚቀበል በቶሎ ይተናል፣ ኳኳታውም ይቀንሳል የሚል ግምት ነበረው። በእጁ ቀይ ቀለም ስላልነበረ አዮዲን ጨምሮ ቢሞክር ኳኳታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቀይ ቀለሞችን ቢሞክር ግን አንዳቸውም አልሠሩም። ስለዚህ ግምቱ ስሕተት፣ ግኝቱ ግን እውነት ሆነ፤ ኳኳታውን ያጠፋው የአዮዲን ኬሚካዊ ጠባይ እንጂ ቀለሙ አልነበረም።

አዮዲን ውድና ብረት የሚበላ ስለ ነበረ ፍለጋው ቀጠለ። አኒሊን ተሞከረ፤ ሴሌኒየምና ቴሉሪየምም ተሞከሩ። የኋለኞቹ ሽታቸው የሚያስጠላና ከሠራተኞቹ ሰውነት ላይ የማይለቅ ነበር። በመጨረሻም በታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ቴትራኤትል እርሳስ የተባለው ውሕድ ተሞከረ። በጣም ጥቂት መጠን ብቻ ተጨምሮ ኳኳታውን ፈጽሞ አጠፋው። በየካቲት 2 ቀን 1923 በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበ።

ኳኳታን መለካት

ነገር ግን የማይለካ ነገር በሚገባ ሊታረም አይችልም። ሚጅሊና የሥራ ባልደረባው ቶማስ ቦይድ ከቴስታታው ላይ የሚተከል አንድ ቀላል መሣሪያ ሠሩ። ከቃጠሎው ክፍል ጋር በሚዋሰን ስስ ብረት ላይ አንድ የብረት ዘንግ ይቆማል። ሞተሩ ሲያንኳኳ ዘንጉ ይዘልና ሁለት የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን ያገናኛል። በመገናኛዎቹ ያለፈው ኤሌክትሪክ በአሲድ ውስጥ ጋዝ ያወጣል፤ የጋዙ መጠን ሲለካ የኳኳታው መጠን ይታወቃል። ዛሬ በሞተር ላይ የሚገኘው የኳኳታ ዳሳሽ አያት ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መሣሪያው ከተገኘ መመዘኛ አስፈለገ። ግራሃም ኤድጋር የተባለው ኬሚስት በ1926 ሁለት ንጹሕ ሃይድሮካርቦኖችን ለመለኪያነት አቀረበ። አንደኛው በቀላሉ የሚያንኳኳው ኖርማል ሄፕቴን ሲሆን 0 ተሰጠው። ሁለተኛው ብዙ እመቃ የሚታገሠው አይሶኦክቴን ሲሆን 100 ተሰጠው። አንድ ቤንዚን የኦክቴን ቁጥሩ 90 ነው ሲባል የሚያንኳኳው 90 እጅ አይሶኦክቴንና 10 እጅ ሄፕቴን የተቀላቀሉበት ነዳጅ በሚያንኳኳበት ልክ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የኦክቴን ቁጥር የትዕግሥት መለኪያ እንጂ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ባለ 95 ኦክቴን ቤንዚን በሊትር ከባለ 91ዱ የበለጠ ሙቀት ይሰጣል ብሎ ማሰብ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ ስሕተት ነው።

ልኬቱ የሚካሄደው የእመቃ ንጥጥሩ በሚለዋወጥ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሲሆን ሁለት ዘዴዎች አሉት። የምርምር ዘዴ በሚባለው ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ይሽከረከራል። የሞተር ዘዴ በሚባለው ደግሞ በደቂቃ 900 ዙር እየተሽከረከረ የሚገባው ድብልቅ ይሞቃል፤ ስለዚህ ለነዳጁ ከበድ ያለ ፈተና ነው። በአውሮፓ የነዳጅ ማደያዎች የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በአሜሪካ ግን የሁለቱ አማካይ ስለሚጻፍ በዚያ 87 የተባለው ቤንዚን በአውሮፓ 91 ወይም 92 ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና መመሪያ ላይ 87 የሚል ቁጥር ያነበበ ባለሙያ ይህንን ልዩነት ማስታወስ ይኖርበታል።

የእርሳሱ ዋጋ

ስለ እርሳስ መርዛማነት በ1920ዎቹ የማያውቅ ሐኪም አልነበረም። ሚጅሊ ራሱ በ1923 መጀመሪያ በእርሳስ ተመርዞ ሥራውን ትቶ ለማረፍ ተገዷል። በጥቅምት 1924 በኒው ጀርሲ ግዛት ቤይዌይ በሚገኘው የማምረቻ ጣቢያ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ጋዜጦች ነገሩን ስላወጡት በግንቦት 1925 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ባለሥልጣን ስብሰባ ጠራ። የሙያ በሽታዎች አዋቂ የነበረችው ሐኪም አሊስ ሃሚልተንና የፊዚዮሎጂ ሊቁ ያንዴል ሄንደርሰን እርሳሱ ከመኪናው ጭስ ጋር በየጎዳናው እንደሚበተን አስጠነቀቁ። ይሁን እንጂ በ1926 ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ሽያጩን ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም አለ። ኳኳታን የሚከላከል ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው እንዳይባል፣ አልኮል ኳኳታን እንደሚታገሥ ሪካርዶም ሚጅሊም ያውቁ ነበር። ነገር ግን አልኮሉ በብዙ እጅ መጨመር ሲኖርበት እርሳሱ በጥቂት ጠብታ ይበቃ ነበር፤ በፓተንትም የተጠበቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ነዳጁ ለሞተሩ ተገዛ። የእመቃ ንጥጥር ከ4 ለ1 ተነሥቶ በ1960ዎቹ በአንዳንድ የአሜሪካ መኪናዎች ከ10 ለ1 በላይ ደረሰ። በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች እርሳስ በተጨመረበት ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ከሞተሮቻቸው የበለጠ ኃይል ለማግኘት ቻሉ። ጥቅሙ የማይካድ ነበር። ጉዳቱ ግን በአየሩ፣ በአፈሩና በሕፃናት ደም ውስጥ በጸጥታ ይከማች ነበር። የምድርን ዕድሜ በእርሳስ ልኬት ያሰላው ክሌር ፓተርሰን በ1965 የሰው ልጅ የሚሸከመው እርሳስ ከተፈጥሯዊው መጠን በእጅጉ የበለጠ መሆኑን በጽሑፍ አስታወቀ። በ1979 ደግሞ ኸርበርት ኒድልማን የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ በጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ማግኘታቸውን አሳዩ። የሞተሩን ኳኳታ ጸጥ ያሰኘው ነገር የሰውን ልጅ አእምሮ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ።

ሞተሩ ጆሮ አወጣ

እርሳሱን ከቤንዚን ያስወጣው ግን መጀመሪያ ላይ የሕፃናቱ ጉዳት ብቻ አልነበረም። በአሜሪካ የአየር ብክለትን ለመቀነስ ከ1975 ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች የጭስ መስመር ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር መገጠም ተጀመረ። እርሳስ የኮንቨርተሩን ፕላቲኒየም እየሸፈነ ስለሚያበላሸው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ማቅረብ ግዴታ ሆነ። ጄኔራል ሞተርስ ይህንን አስቀድሞ በማየት በ1971 የሞተሮቹን የእመቃ ንጥጥር ዝቅ አድርጎ ነበር። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሞተሮቹ ትልልቅ ሆነው ሳለ ኃይላቸው ደከመ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ነዳጅ አባካኝ ሞተር የማይፈለግ ሆነ።

መሐንዲሶቹ በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ሳሉ ወደ ጥንቱ ሾፌር ተመለሱ። ኳኳታውን የሚሰማ ጆሮ፣ የሚወስን አእምሮና ብልጭታውን የሚያዘገይ እጅ በሞተሩ ላይ ቢገኝ ለእያንዳንዱ ቤንዚን አስቀድሞ መፍራት አያስፈልግም። ጆሮው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ በ1880 ደርሰውበታል። እንዲህ ዓይነቱ ክሪስታል ወይም ሴራሚክ በሞተሩ አካል ላይ በብሎን ቢታሰር የብረቱን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። አእምሮው ደግሞ በ1970ዎቹ የረከሰው ኤሌክትሮኒክስ ሆነ። ቢዊክ በ1978 ባለ ቱርቦ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩን በዚህ ዓይነት ዳሳሽ አቀረበ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ መሐንዲስ ፐር ጊልብራንድ የመራው ሥራ ሌላ እርምጃ አስከተለ። በ1982 ሞዴል የሳብ ቱርቦ መኪናዎች ላይ የወጣው ሥርዓት ኳኳታ ሲሰማ የቱርቦውን ግፊት በቫልቭ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ መኪናው ጥሩ ቤንዚን ሲያገኝ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ኃይል ያወጣል፤ ደካማ ቤንዚን ሲሰጠው ራሱን ዝቅ አድርጎ በደኅና ይጓዛል።

ዛሬ የተስፋፋው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ኮምፒዩተሩ የክራንክ ዘንጉ ያለበትን ቦታ ስለሚያውቅ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሊያንኳኳ በሚችልባት አጭር ጊዜ ብቻ ያዳምጣል። ከቫልቮችና ከሌሎች ክፍሎች የሚመጣው ተራ ድምፅ አማካይ ሆኖ ይመዘገባል፤ በኳኳታው የርግብግብ መጠን አካባቢ ከዚህ አማካይ በእጅጉ የበለጠ ንዝረት ከመጣ የዚያ ሲሊንደር ብልጭታ በጥቂት ዲግሪዎች ይዘገያል። ኳኳታው ሲቆም ብልጭታው በትንንሽ እርምጃ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ሲዘገይ ፈጥኖ፣ ሲመለስ ቀስ ብሎ መሆኑ ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ከጊዜ በኋላም ኮምፒዩተሩ የተማረውን በማስታወስ በዚያው ቤንዚን ላይ ደጋግሞ አይሳሳትም።

የጆሮው ወሰን

ይህ ጥበብ የራሱ ወሰን አለው። ዳሳሹ የእመቃ ንጥጥርን አይለውጥም። ለ91 ኦክቴን የተሠራ ሞተር ብልጭታው ከሚጠቅመው ጊዜ ላይ ቀድሞውኑ ስለሚገኝ ባለ 98 ቤንዚን ቢሰጠው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም። ለ98 የተሠራ ሞተር ባለ 91 ቢሰጠው ራሱን ያተርፋል፤ ነገር ግን ብልጭታው ስለሚዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፣ ፍጆታውም ከፍ ይላል። ዳሳሹም ቢሆን በሚገባ ካልታሰረ አይሰማም። ብሎኑ ብዙውን ጊዜ 20 ኒውተን ሜትር ያህል ታዝዞለታል። ዝገት ባለበት ፊት ላይ የታሰረ፣ ወይም በጉልበት የተጠበቀ ዳሳሽ የሐሰት መልእክት ይልካል። ፈጽሞ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ለጥንቃቄ ብልጭታውን ያዘገያል፤ ባለንብረቱም መኪናው ለምን ኃይል እንዳጣ ሳያውቅ ነዳጅ ሲገዛ ይኖራል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ የተለየ ገጽታ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አነስተኛ አየር ስለሚስብ የኳኳታ ሥጋቱ ይቀንሳል፤ በደጋ ብልጭታውን ማስቀደም የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በደጋ የተስተካከለ አሮጌ መኪና ጭኖ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ ቆላ ሲወርድ ግፊቱም ሙቀቱም ስለሚጨምሩ ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ዳሳሽ ያለው መኪና ይህንን ጉዞ ራሱ ያስተካክለዋል፤ የሌለው የመካኒኩን እጅና የሾፌሩን ጆሮ ይጠብቃል። ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ ከፍታው በዚያው ልክ አይጠብቀውም።

በ2001 በዳካር የተሰበሰቡት ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስን ከቤንዚን ለማስወጣት ተስማምተው እስከ 2006 መባቻ ፈጸሙት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም በ2021 አቆመች። በአዲስ አበባ በ2008 ከስኳር ተረፈ ምርት የተገኘ ኤታኖል 5 እጅ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር፣ በ1920ዎቹ ታውቆ የተተወው አልኮል ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ወሰነች። ይህም ሆኖ አስቀድመው የገቡት መኪናዎች ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ይኖራሉ። ምትክ እየጠበበ ሲሄድ ያሉትን ጠብቆ ማቆየት የባለሙያው ድርሻ ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በ1926 የተመረጠው መንገድ ለሞተሩ ቀላል፣ ለሰው ግን ከባድ ነበር። ሞተሩን ለማስተማር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከፈጀ በኋላ የተገኘው መፍትሔ በመጀመሪያው ሾፌር እጅና ጆሮ ውስጥ የነበረው ያው ሐሳብ ነው። አንድ መሣሪያ ችግሩን ጸጥ ሲያሰኝ ባለሙያው ሊጠይቅ የሚገባው ድምፁ መጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ወደ ማን እንደ ተላለፈም መጠየቅ ይገባዋል።